ዳገት ላይ ሙቀት የምትጨምር የ1992 ዴሊካ፦ ሞተሯ ይቀየር ወይስ የፊት ዲፈረንሻሏ ይፈታ?

የሱሉልታዋ ወተት አቅራቢ፣ ሐምሌ 8

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከዋናው የጎጃም መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ክረምት ሲመጣ ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ በሚጣበቅበት ሰፈር። ሥራዬ ከአካባቢው አርቢዎች ወተት ሰብስቤ በየማለዳው አዲስ አበባ ማድረስ፣ ስመለስም ለላሞቹ ፉርሽካና ፋጉሎ ጭኜ መምጣት ነው። ለዚህ ብዬ ከአምስት ዓመት በፊት የገዛኋት መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የተሠራች፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (በአራቱም ጎማ መሄድ የምትችል) ሚትሱቢሺ ዴሊካ ስትሆን፣ ሞተሯ 2.5 ሊትር ባለ ተርቦ ናፍጣ፣ ካምቢዮዋም የእጅ ነው። መጀመሪያ ለጃፓን ገበያ የተሠራች በመሆኗ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተቀይሯል፤ ተንሸራታች በሯ ግን እንደነበረ በግራ በኩል ስለቀረ፣ ወተቱን የማወርደው መኪና በሚያልፍበት በኩል ቆሜ ነው። ይህን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት ሙቀቷን ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ የእንጦጦን ዳገት አምስት ኩንታል ፉርሽካ ጭኜ ስወጣ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል የሙቀት መለኪያው ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ቀዩን አልፎ ከመቀመጫዬ ሥር እንፋሎት ስለወጣ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄም ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩባት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ይሁን እንጂ ጠዋት ከቆመችበት ሥር ጠብታ አይቼ አላውቅም፤ የሞተር ዘይቷም ቀለሙን አልለወጠም።

ሁለት ጋራዥ ወስጃት ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል። የመጀመሪያው መካኒክ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚሸፍነው የሞተሩ ክፍል) ተሰንጥቋልና ያገለገለ ሙሉ ሞተር ፈልጊ አለኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ያህላል። ሁለተኛው ደግሞ ሙቀቱ የሚመጣው ሞተሩ የፊቱን ዲፈረንሻል ተጨማሪ ሸክም ስለሚጎትት ነው፣ የፊቱ ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ) ተፈቶ በኋላ እግር ብቻ ትሂድ፣ ናፍጣም ትቆጥቢያለሽ ብሎኛል። ቴርሞስታቷን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር) ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት አውጥቶ እንደጣለው የሰማሁትም ከዚሁ ሰው ነው፤ እሱ ግን መውጣቱን ደግፎታል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ከሁለቱ የቱን ልመን የሚል ነው። ሁለቱም ካልሆኑ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ራሴ ቆሜ ላሠራው የምችለው ምርመራ ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ጭቃው እስከ መስከረም ስለሚቆይ መኪናዋን ለረጅም ጊዜ ማቆም አልችልም።

ጡረተኛ መካኒክ፣ ከቃሊቲ፣ ሐምሌ 9

እህቴ፣ ሁለቱም የሙያ ባልደረቦቼ መድኃኒት ያዘዙልዎ በሽተኛውን ሳይዳስሱ ይመስለኛል። ውሃ እየጎደለ መሆኑን ራስዎ ተናግረዋል፤ ስለዚህ ማንም ስለ ሞተር መቀየር ከማውራቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ውሃው የት እየሄደ ነው የሚለው ነው። የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ከጭስ ጋር ይወጣል፣ አለዚያም ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ቀለሙን አለመለወጡ ሦስተኛውን በአብዛኛው ያስወጣልናል። በቀሩት ሁለቱ መካከል ለመለየት የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል።

አስቀድሜ ግን እዚህ ከፍታ ላይ ይህ ነገር ለምን እንደሚከብድ ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። እርስዎ የሚኖሩትና የሚነዱት ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ነው፤ በዚያ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩም ከቆላው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በራዲያተሩ መካከል ሲያልፍ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑን ገልብጠው ቢያዩት ወይም አናቱ ላይ ቢያነቡት፣ በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ያ ቁጥር ክዳኑ በውስጥ የሚይዘውን ግፊት የሚያመለክት ሲሆን፣ ግፊቱ ሲያዝ በእናንተ ከፍታ ንጹሑ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል፤ ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ ግፊቱን ካልያዘ ግን ተመልሰን 92 ላይ ነን ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ጤነኛ ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ያለ ችግር የሚደርስበት ሙቀት ነው። ስንት ሞተር በዚህች ክዳን ምክንያት ሲፈታ እንዳየሁ ብነግርዎ አያምኑኝም።

አሁን ምርመራውን ልንገርዎ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፣ ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ከዚያም አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፤ እርስዎ አፉ ላይ ያለውን ውሃ ይመልከቱ። በመጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ የተያዘ አየር ነው። አረፋው እንደ ለስላሳ መጠጥ ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ክዳኑ ተዘግቶ በተነሳ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥም የላይኛው ወፍራም የውሃ ጎማ (ቱቦ) ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ወይ የቴስታታው ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይ ራሱ ቴስታታው ተጎድቷል። ይህ 4ዲ56 የሚባለው ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ በሙቀት የሚሰፉበት መጠን ስለሚለያይ አንድ ጊዜ ከልክ ያለፈ ሙቀት ካገኘው የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ይህንኑ ያፋጥናል። ያለፈው አልፏል፤ ዳግመኛ ግን ሞተሩ ራሱ ሳይቀዘቅዝ እንዳያደርጉት። ክዳኑን በሙቅ መክፈቱም ፊትና እጅ የሚያቃጥል ነገር ነው።

አረፋ ከሌለ ቀጥሎ የሚፈለገው የእጅ ግፊት መለኪያ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ይታሰርና እንደ ብስክሌት መንፊያ ተነፍቶ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ግፊት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለ20 ደቂቃ ያህል መርፌው ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከወረደ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የእርስዎ ዓይነት ዴሊካ ለኋላ ተሳፋሪዎች የተለየ ማሞቂያ አለው፤ ሙቅ ውሃውን ወደዚያ የሚወስዱት የብረት ቱቦዎች በወለሉ ሥር ያልፋሉ። ከ30 ዓመት ጭቃ በኋላ እነዚያ ቱቦዎች ከውስጥና ከውጭ ዝገው መርፌ የምታህል ቀዳዳ ያበጃሉ። ቀዳዳዋ ሞተሩ ሞቆ ግፊት ሲኖር ብቻ ትተፋለች፤ የሚንጠባጠበውም መንገድ ላይ ስለሚቀር ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ምንም አይታይም። የሰጡት መግለጫ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሆኖም ሳያዩ መፍረድን እኔም መድገም የለብኝም።

ቴርሞስታትን በሚመለከት፣ በአገራችን ማውጣቱ ልማድ ሆኗል እንጂ ጥቅሙን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። ቴርሞስታቱ እንደየዓይነቱ ከ76 እስከ 88 ዲግሪ መካከል የሚከፈት በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ በሜዳ ላይ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ናፍጣ ያበዛል፣ ሲሊንደሩም በቶሎ ያልቃል፤ ዳገት ላይ ግን የራዲያተሩን አቅም በቅንጣት አይጨምርም። ያስገቡት።

በመጨረሻ አነዳድዎን ልጠይቅ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እያቃሰተ የሚወጡ ከሆነ በሁለተኛ ያድርጉት፤ ዑደቱ ከፍ ሲል የውሃ ፓምፑና ፋኑም አብረው ይፈጥናሉ። ጫፍ ላይ ሲደርሱም ወዲያው አያጥፏት፤ ተርቦው ዘይት እያገኘ እንዲበርድ አንድና ሁለት ደቂቃ ቆማ ትሥራ።

ሙሉ ሞተር ስለመግዛት የምለው አጭር ነው። ቴስታታው ተሰንጥቆ ቢገኝ እንኳ የሚቀየረው ቴስታታው ነው። ይህን ሞተር ፓጄሮና ኤል 200 ፒክአፕ የያዙት ሲሆን፣ ሀዩንዳይም በፈቃድ እየሠራ በጋሎፐርና በኤች 1 ላይ ስለገጠመው ዕቃው ብርቅ አይደለም። ያገለገለ ሙሉ ሞተር ስትገዙ የምትገዙት የሌላ ሰው ያልታወቀ ሙቀት ነው። በተጨማሪም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለተጻፈ፣ ሞተር ሲቀየር ሰነዱም መስተካከል አለበት፤ ይህን ችላ ያለ ሰው ቦሎ ሲደርስ ወይም መኪናውን ሲሸጥ ይቸገራል።

የሰበታው፣ ሐምሌ 9

ስለ ሞተሩ ጋሼ ከጻፉት የምጨምረው የለኝም። ስለ ካርዳኑ ግን እኔው ሞኝ ሆኜ ያለፍኩበት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእኔም ያው ዴሊካ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1990። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ የፊቱን ካርዳን ፈትቶ ሰጠኝ፤ ዛሬም ቤቴ ጓሮ ከማገዶው ጎን ተጋድሟል። ናፍጣውን ከመፈታቱ በፊትና በኋላ በማስታወሻ እየያዝኩ ስለነበር ልንገርዎት፦ በፊት በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ትሄድ ነበር፣ በኋላም ልዩነቱ ከጎማ ንፋስ ልዩነት አይበልጥም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህች መኪና ሁልጊዜ በአራት እግሯ የምትሄድ አይደለችም፤ ማርሹ 2ኤች ላይ ሲሆን የሞተሩ ጉልበት ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው፤ የፊቱ ከባድ ሸክም የሚሆነው እርስዎ 4ኤች ወይም 4ኤል (አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሱትን ማርሾች) ሲያስገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ የእንጦጦን አስፋልት በ2ኤች የሚወጡ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ለሙቀቱ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

እኔ እንዲፈታ የፈቀድኩት በሌላ ጥፋቴ ነበር። ከጭቃ ስወጣ 4ኤች ውስጥ እንዳለች ረስቼ አስፋልት ላይ ብዙ እነዳት ነበር። በመጠምዘዣ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ መሬቱ ጭቃ ከሆነ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይውጠዋል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጠቅላላ ጥርሱና ዘንጉ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራል። መሪው ይከብዳል፣ የማርሽ ዘንጉም አልወጣ ብሎ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ፊትና ኋላ የተለያየ ልክ ያላቸው ጎማዎች አስገብቼ ስለነበር ቀጥ ባለ መንገድም ያው ውጥረት ነበር። መካኒኩ ድምፁን ሰምቶ ዲፈረንሻሉ ሞቷል አለኝ። አልሞተም ነበር። ዘንጉ ሲጣበቅ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ውጥረቱን እንደሚፈታው ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ አራቱም ጎማዎች አንድ ልክና ተቀራራቢ ጥርስ እንዲኖራቸው ማድረግ እንዳለብኝም ጎሚስታው ነው የነገረኝ።

ነሐሴ ላይ ከቤቴ 300 ሜትር ርቀት ላይ እስከ ወለሏ ጭቃ ውስጥ ገባች። ሁለት ጥማድ በሬ ነው ያወጣት። አንደኛው ጎረቤቴ እየሳቀ «ይቺ መኪና ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አልነበረችም እንዴ?» ሲለኝ የመለስኩለት የለም። በመስከረም ካርዳኑን ላስመልስ ስሄድ ክሮቸራው (የካርዳኑ መገጣጠሚያ) ጓሮ ዝጎ ስለነበር አዲስ ገዛሁ፤ እስካሁን የተጋደመው የድሮው ካርዳን ከነዝገቱ ነው።

ካልፈቱት ደግሞ እንክብካቤው ብዙ አይደለም። በበጋም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ለስላሳ መሬት ላይ 4ኤች አስገብተው ጥቂት ይንዷት፤ ዘይቱ ይዞራል፣ ላስቲኮቹም አይደርቁም። የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዘይት ከክረምት በኋላ አስከፍተው ይዩት፦ ከወንዝ ውሃ ጋር ከተቀላቀለ እንደ ማኪያቶ ነጣ ይላል። ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ በላይ ባለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ነው፤ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሸበሸብና ውሃውን ይስበዋል። ቀዳዳዋ ላይ ጎማ ቱቦ አስገጥመው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ማሰር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልበል። መሪዋ የተቀየረ ከሆነ፣ ካነሷት አይቀር የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ብየዳ በፋኖስ ያስዩት። በእኔዋ ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ አግኝተናል፤ በዚህች መኪና ደግሞ ከፊታችን ሞተር የለም፣ ጉልበታችን ነው ያለው።

ከለገጣፎ የምከታተል፣ ሐምሌ 10

ሁላችሁም በፍቅር እየጻፋችሁ ስለሆነ ተቃራኒውን የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው። ይሽጧት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነግሯል። አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ዋጋውን ይዞ የቆየው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሆናት መኪና እንኳ ዛሬ ገዢ ታገኛለች። ወተት እንደ ሲሚንቶ ነገ ይደርሳል የሚባል ጭነት አይደለም፤ መኪናዋ ዳገት ላይ በቆመች ቁጥር የሚበላሸው የአንድ ቀን ገቢ ነው። ዶልፊን ገዝተው ዕቃዋ በየመንደሩ የሚገኝ፣ ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መኪና ቢይዙ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሱሉልታዋ ወተት አቅራቢ፣ ሐምሌ 10

ምክርዎን አከብራለሁ፤ ዶልፊኑንም ሞክሬዋለሁ። ከዴሊካዋ በፊት የወንድሜን ዶልፊን ተውሼ አንድ ክረምት ሠርቻለሁ፤ አስፋልት ላይ የሚያህላት የለም፤ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ አርቢዎቹ ስገባ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ወተቱን በአህያ ወደ መንገድ ማውጣት ነበረብኝ። ያን የሠራሁትን ሒሳብ አልረሳሁትም። ምርመራውን ልጀምር ነው፤ ውጤቱን እጽፋለሁ።

የሱሉልታዋ ወተት አቅራቢ፣ ነሐሴ 2

የዘገየሁት መለኪያውን የሚያከራይ ሰው ፈልጌ ሳጣ ነው። በመጨረሻ አንድ ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ተገኘ፤ ያየሁትን በተራ እነግራችኋለሁ።

አረፋውን ራሴ ሦስት ጠዋት ተከታትዬ አየሁት። ልጄ ሞተሩን ሲያስነሳ ሁለት ሦስት አረፋ ብቅ ይልና ውሃው ጸጥ ይላል፤ የላይኛው ጎማም እስኪሞቅ ድረስ በጣት የሚጨመቅ ነው። ክዳኑን ስገለብጠው ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቂጣ ዙሪያው ተሰነጣጥቋል፤ ቁጥሩም ተፍቆ አይነበብም፤ ምናልባትም የዚህች መኪና ክዳን ላይሆን ይችላል። በግፊት መለኪያው መርፌው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከግማሽ በታች ወረደ። ሰውየው ከሥር ገብቶ በጨርቅ እየጠረገ ሲፈልግ ከኋላ ማሞቂያ ከሚመለሰው ቱቦ ላይ፣ ቱቦውን ከወለሉ ጋር በያዘው ማሠሪያ ሥር፣ ጭቃ ተከማችቶ ብረቱን በልቶት አገኘው። ውሃው እንደ መርፌ ክር ቀጥ ብሎ ይተፋ ነበር፤ ቀጥታ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ያርፋል። ለካስ መኪናዋ ስትሞቅ የምትሸተኝ እንፋሎት ከዚያ ነበረች።

የኋላ ማሞቂያውን ለወተት ስለማልፈልገው ሁለቱን ቱቦዎች ከፊት ቆርጠን እርስ በርስ በጎማ አገናኘናቸው። አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ቴርሞስታቱን ከመግጠማችን በፊት በድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለን መከፈቱን አየን። ራዲያተሩ ሲወርድ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ተገኘ፦ በእሱና ከፊቱ ባለው የአየር ማቀዝቀዣ መረብ መካከል ጭቃና የፉርሽካ ብናኝ ተጋግሮ እንደ ጭድ ምርጊት ሆኗል። የታችኛው አንድ ሦስተኛ አየር አያሳልፍም ነበር። በቀስታ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት አጥበን ስናወጣው የወጣው ጭቃ ግማሽ ባልዲ ሞላ። አሁን ከረጢቶቹን በሸራ ጠቅልዬ ነው የምጭነው።

ውሃና ኩላንቱን ስንሞላ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረን፣ የፊት ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገን አየሩን አስወጣን። ትናንት አምስት ኩንታል ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ፤ መርፌው ከመሃል በታች ገባ ብሎ ቆመ፣ ጫፍ እስክደርስም አልተነቃነቀም። በአሥር ቀን ውስጥ የጨመርኩት ውሃ የለም። ካርዳኑ አልተፈታም፣ የመሪው ሳጥን ብየዳም ታይቶ ደህና ተብሏል። ጋሼንም የሰበታውን ወንድሜንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ራዲያተር ሠሪው የታይሚንግ ቺንጋዋ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የላስቲክ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ጠይቆኝ መልስ አልነበረኝም። ይህ አጣዳፊ ነው ወይስ ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል?

ጡረተኛ መካኒክ፣ ከቃሊቲ፣ ነሐሴ 3

ቴስታታው በመትረፉ እኔም ደስ ብሎኛል። የቺንጋው ነገር ግን አይጠብቅም። መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ ጊዜው እንዳለፈ ነው የሚቆጠረው፤ በዚህ ሞተር ላይ የሚመከረው ከ90 እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየር ሲሆን፣ ዕድሜም ራሱን ችሎ ላስቲኩን ይበላዋል። ሲበጠስ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል፤ ብዙ ጊዜ ከላይ ያሉት ቫልቭ ገፊ ክንዶች ይሰበራሉ፣ ከባሰም የቫልቮቹና የቴስታታው ጣጣ ይከተላል። አሁን ያተረፍነውን ቴስታታ በዚህ ብናጣው የሚያሳዝን ይሆናል።

ቺንጋዎቹ ሁለት መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ትልቁ ቫልቮቹንና የናፍጣ ፓምፑን የሚያዞር ነው፤ ከኋላው ያለችው ትንሿ የሞተሩን ንዝረት የሚያስታግሱትን ዘንጎች ታዞራለች። ትንሿን «ለንዝረት ብቻ ናት» ብለው ሳይቀይሩ የሚዘጉ አሉ፤ እሷ ስትበጠስ ግን ቁራጯ ትልቁ ውስጥ ገብታ አብራው ትጥለዋለች። ሁለቱንም፣ ከነማወጠሪያ ኩሽኔታዎቻቸው፣ በአንድ ቀን ያስቀይሩ። የውሃ ፓምፑም በዚያው አጠገብ ስለሆነ እግረ መንገዱን ዘንጉን ነቅነቅ አድርገው ይዩት፤ የሚንጠባጠብ ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ሥራው በሚሠራ ቀን አጠገቡ ይቁሙ፤ ከአሮጌዎቹ ቺንጋዎች ጋር አዲሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። በስፋትና በርዝመት የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ጥርስ ብቻ የሚለያዩ ሲሸጡ አይቻለሁና፣ ከመገጠሙ በፊት ከሆነ መመለስ ይችላሉ።